በአሮጌ ኮምቢ ወደ ላንጋኖ

ከአዲስ አበባ እስከ ላንጋኖ ሐይቅ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጤነኛ ሰው ጠዋት ተነሥቶ ምሳውን እዚያ ይበላል። ለእኔና ለባለቤቴ ግን ይህ መንገድ ስምንት ዓመት ተዘግቶብን ኖሯል። የዘጋው ጎርፍ ወይም የፈረሰ ድልድይ አይደለም። ባለቤቴን ስትሮክ ከመታው ወዲህ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ደክመዋል፣ ንግግሩም ከጥቂት ቃላት አያልፍም። ለጠየቀው ሁሉ የሚመልሰው «እሺ» ወይም «ተይው» ብሎ ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀምጦ መቆየት አይችልም፤ መጋደም አለበት። ሽንቱም ሲመጣ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው ይዞ አውቶቡስ መሳፈር አይታሰብም፤ በልጃችን አነስተኛ መኪና ሞክረን ደብረ ዘይት ሳንደርስ ተመልሰናል። በዚህ ዓይነት ለሐኪም ቀጠሮ ካልሆነ በቀር ከግቢ ሳይወጣ ስምንት ክረምት አለፈ።

ደግሞ ሌላ ሰው ቢሆን ይሻል ነበር። ባለቤቴ ቀያሽ ነበር። ዕድሜውን በመንገድ ሥራ፣ በድንኳን ውስጥ ነው የጨረሰው። ልጆቻችን ትንንሽ ሳሉ አባታቸውን የሚያውቁት ወር ጠብቆ አቧራ ለብሶ በሚመጣ እንግዳነቱ ነበር።

የሟች ወንድሙ ቮልስ ኮምቢ ከቤታችን ጀርባ ሸራ ለብሳ ከቆመች 17 ዓመት ሆኗታል። ዶሮዎች ይጥሉባታል፣ የልጅ ልጆች ድብብቆሽ ይጫወቱባታል፣ ቁራሌው በየሳምንቱ በር እያንኳኳ «እማማ፣ ያቺን ብረት አይሸጧትም?» ይለኛል። አንድ ቀን እንቁላል ልለቅም ገብቼ ልብ ብዬ አየኋት። ወለሏ ጠፍጣፋ ነው፤ ረጅም ሰው ተዘርግቶ ይተኛበታል። የጎን በሯ ተንሸራቶ ወለል ብሎ ይከፈታል። በጤና ጣቢያና በሆስፒታል 34 ዓመት የሠራሁ ነርስ ስለሆንኩ የማየው ነገር ምን እንደሚመስል ወዲያው ገባኝ። አልጋ ብቻ የጎደለው አምቡላንስ ነው። ኋላ ሳነብ እንዳወቅሁትም ፋብሪካው ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ኮምቢን አምቡላንስ አድርጎ ይሠራ ነበር።

ስለ ኮምቢ ታሪክ ጥቂት ልበል፤ ለልጅ ልጆቻችሁ የምትነግሩት አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1947 ቤን ፖን የተባለ ሆላንዳዊ የመኪና ነጋዴ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ሞተሩ ከኋላ፣ ሹፌሩ ከፊት የሆነ ሣጥን የመሰለ መኪና በእርሳስ ሣለ። ከዚያ ሥዕል የተወለደችው ኮምቢ በ1950 ጀርመን አገር ቮልፍስቡርግ ውስጥ መመረት ጀመረች። በዓመቱ ቬስትፋሊያ የተባለ ድርጅት አልጋና ቁም ሣጥን እየገጠመላት የጉዞ ቤት አደረጋት። የእኛዋ በ1973 የተሠራች፣ የፊት መስታወቷ አንድ ወጥ የሆነው ሁለተኛው ዓይነት ነች። ጀርመኖች ይህንን ዓይነት እስከ 1979 ሠርተው ቢያቆሙም ብራዚል እስከ 2013 ድረስ ኮምቢ ማምረቷን ቀጥላለች፤ መለዋወጫ እስከ ዛሬ የሚገኘውም አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ፍራንክፈርት ያለችው ልጃችን እንደነገረችኝ ጀርመኖች «ቡሊ» ብለው በቁልምጫ ይጠሯታል፤ 30 ዓመት የሞላት በደንብ የተያዘች መኪናም ታርጋዋ ላይ «ኤች» የምትል የክብር ፊደል ይጨመርላታል። እዚህ ቁራሌው፣ እዚያ የክብር ታርጋ።

ሥራውን የጀመርኩት እንደለመድኩት ካርድ በማውጣት ነው። አንድ ደብተር ገዝቼ ቀን፣ ምልክት፣ ምርመራ፣ ሕክምና ብዬ አሰመርኩ። የልጅ ልጄ 12 ዓመቱ ነው፤ የተፈታውን ቡሎን ሁሉ በባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ እየከተተ ከየት እንደወጣ የሚጽፈው እሱ ነበር። አባቱ ስልኩን ከእጁ ማስጣል አቅቶት ኖሮ ገርሞታል። ባለቤቴን በወንበር አውጥተን ጥላ ሥር እናስቀምጠዋለን፤ የምንፈታውን እያየ አንዳንዴ በግራ እጁ ይጠቁማል። የጠቆመው ነገር ብዙ ጊዜ ትክክል ነበር።

መካኒካችን ሰባ ያለፉ፣ በወጣትነታቸው ቮልስ ብቻ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ሲመጡ ሸራውን ገልጠው ዝም ብለው ዞሯት።

«ጋሼ፣ ትድናለች ትላላችሁ?» አልኳቸው።

መልስ ሳይሰጡ ከኋላ ከፍተው በኪያቤ ሞተሩን ዘወር አደረጉት። ጠጠር ብሎ ቆየና ዞረ። «ሲስተር፣ የምትዞር ሞተር አልሞተችም» አሉኝ። «የሚያስፈራኝ ሆዷ ነው።»

ሆዷ ያሉት ወለሉን ነው። ኮምቢን የሚገድላት ሞተር ሳይሆን ዝገት ነው። ውኃ ከሚቋጠርበት ቦታ ሁሉ ይነሣል፦ ከባትሪው ሥር፣ ከሹፌሩ እግር ሥር፣ ከጎን ደፎቹ፣ ከጎማዎቹ ጥላ። ውጪው ቀለም ደህና መስሎ በካቻቢቴ ጫፍ ሲነካ የሚበሳ ላሜራ አለ። እኔም እየተንበረከክሁ ሆድ እንደሚዳብስ ሐኪም ሁሉንም ነካካሁ፤ የተበሳውን በቾክ አከበብኩ። ብየዳ የሚሠራው ወጣት ቶሎ ለመጨረስ ቀዳዳዎቹን በስቱኮ እንሙላቸው አለኝ። «ልጄ፣ መግል የቋጠረ ቁስል ላይ ፕላስተር አይለጠፍም» አልኩት። ሥጋው ጤነኛ እስኪሆን ድረስ ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ተበየደ፣ ጸረ ዝገት ቀለም ተቀባ፤ ስቱኮ የመጣው ከዚያ በኋላ ስስ ሆኖ ለማለስለሻ ብቻ ነው። ከብየዳ በፊት ባትሪው ተፈትቷል፣ የቤንዚን ታንኩም ወጥቶ ከግቢው ሌላ ጥግ ተቀምጧል። ይህን የማያደርግ በያጅ ቢያጋጥማችሁ አሰናብቱት።

እዚህ ላይ እንደ ጤና ባለሙያ መናገር ያለብኝ ነገር አለ። የድሮ ቀለም ውስጥ ሊድ የሚባለው መርዘኛ ማዕድን ሊኖር ይችላል፤ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ አቧራው ከትልቅ ሰው ይልቅ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። እኛ የፋቅነው በውኃ እያራስን፣ አፍና አፍንጫችንን በማስክ ሸፍነን ነው፤ የልጅ ልጄም በዚያ ሳምንት ግቢ ውስጥ አልነበረም። የድሮ ፍሬን ሸራም አስቤስቶስ ያለበት ሊሆን ስለሚችል በአየር አይነፋም፣ በብሩሽም አይጠረግም፤ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ጨርቁ በፌስታል ታስሮ ይጣላል። መካኒካችን በዘመናቸው በአፋቸው እፍ እያሉ ማጽዳታቸውን ነግረውኛል። ሲያስላቸው በሰማሁ ቁጥር ይታወሰኛል።

ከሞተሩ ጋር የነበረን ጉዳይ ከተፈራው ቀለል ያለ ነበር። የኮምቢ ሞተር ራዲያተር የለውም፤ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ማራገቢያውን የሚያዞረው አንድ ችንጋ ነው፤ እሱ ከተበጠሰ ማራገቢያውም የባትሪ መሙያውም አብረው ይቆማሉ። ስለዚህ ቀይዋ የባትሪ መብራት በመንገድ ላይ ከበራች «ቤት ስደርስ አየዋለሁ» አይባልም፤ ወዲያው ዳር ይዞ ሞተር ማጥፋት ነው። ካንዴላ፣ ፕላቲና እና ችንጋ ሶማሌ ተራ አገኘን። የነዳጅ ጎማ ቱቦዎቹን ግን አንድም ሳናስቀር በአዲስ ለወጥን። አሮጌ ቱቦ ተሰንጥቆ ቤንዚን የጋለ ሞተር ላይ ሲያንጠባጥብ ነው ብዙ ኮምቢ በእሳት የሚያልቀው። የመስኮትና የበር ጎማዎቹን ልጃችን ከጀርመን በሻንጣ ላከችልን።

ካርቦራተሩ ደግሞ የእኔን ሙያ የሚመስል ትምህርት ሰጠኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ነዳጁ ለቆላ እንደተለካ ከቀረ ሞተሩ ቤንዚን ይበዛበትና ጥቁር ጭስ ያወጣል። ድሮም 50 የፈረስ ጉልበት ገደማ ከነበራት ላይ ይህ ሲቀነስ ኮምቢ ዳገት ላይ እንደ አስም በሽተኛ ታጣጥራለች። መካኒካችን የነዳጅ ቀዳዳውን በጠበበ ለውጠው ስትተነፍስ ድምፅዋ ጠራ። ቫልቮቿን ያስተካከሉት ደግሞ ሌሊቱን ቀዝቅዛ ካደረች በኋላ ማለዳ ነው፤ የጋለ ሞተር ቫልቭ አይለካም።

የቀረው አልጋው ነበር፤ ይህን ለማንም አልሰጠሁም። ለካሁት፣ ነደፍኩት፣ አናጢው አጠገብ ቆሜ አሠራሁት። ከፍታው ባለቤቴ ቤት ውስጥ ከለመደው አልጋ ጋር እኩል ነው። በኮምፔርሳቶ ላይ ወፍራም ስፖንጅ አለበት፤ ራስጌው ከፍ ይላል፣ ምክንያቱም በደንብ መዋጥ ያቃተው ሰው በጀርባው ተዘርግቶ ውኃ አይጠጣም። ከበሩ ሥር የማይንሸራተት ጎማ የለበሰ ሰፊ ዱካ አስቀመጥን። በሩ ላይ የተበየደው የብረት መያዣ በግራ እጁ በኩል ነው። ሕመምተኛ ቤት ያላችሁ ይህችን ያዙ፦ ሲወጣ ጤነኛው እግር ይቀድማል፣ ሲወርድ ደካማው። ፖፖው አልጋው ሥር የራሱ መሳቢያ አለው። መጋረጃውን ከአቡጀዴ ሰፋሁ። ምግብ የሚሞቀው በቡታጋዝ፣ ያውም ከመኪናው ውጪ ነው። ከሰል ግን ወደ ውስጥ አይገባም፤ ብርድ ቢሆን፣ ቡና ቢያምር፣ «ለአንድ ደቂቃ ነው» ቢባል። ሽታ የሌለው ጋዙ በተዘጋ ክፍል ሰው ተኝቶ እንዲቀር ያደርጋል፤ እንዲህ ሆነው የመጡ ቤተሰቦችን በሥራዬ ተቀብያለሁ።

ሊብሬውን ወደ ባለቤቴ ስም ለማዞር የወራሽነት ማረጋገጫ፣ የወንድሙ ልጆች ፈቃድና ስፍር ቁጥር የሌለው ፎቶ ኮፒ አስፈልጓል። በዚህ አላደክማችሁም። ቦሎ ልናስለጥፍ ስንሄድ የመረመራት ወጣት ሥሯ ገብቶ ወጣና «እማማ፣ ይቺ ከእኔ ትበልጣለች» አለኝ። ከአባትህም ሳትበልጥ አትቀርም ብዬው አለፈች። ከመጀመሪያዋ ቡሎን እስከዚያ ቀን 14 ወር ፈጅቶብናል።

ባለፈው ጥር አንድ እሑድ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ወጣን። ሹፌሯ እኔ ነኝ። ባለቤቴ አልጋው ላይ፣ የልጅ ልጄ ከአጠገቡ፣ መካኒካችን ጋቢና ከእኔ ጎን። «እኔ የመጣሁት ለመኪናዋ እንጂ ለእናንተ አይደለም» ብለው ነው የተሳፈሩት። ፈጣኑን የክፍያ መንገድ ትተን በአሮጌው መንገድ ሄድን፤ እዚያ እንደፈለጉ መቆም አይፈቀድም፣ እኛ ደግሞ የወጣነው ልንቆም ነው። ምልክት ተስማምተናል፦ ባለቤቴ ግድግዳውን አንዴ ካንኳኳ እቆማለሁ፣ ሁለቴ ካንኳኳ እነዳለሁ።

ኮምቢ ስትነዱ ከፊታችሁ ኮፈን የለም። እግራችሁ ከመንገዱ ጋር በስስ ላሜራ ብቻ ነው የሚለያየው፤ መሪው እንደ ትልቅ ትሪ ጋደም ያለ ነው፣ ፍሬን ቀድሞ ታስቦበት ይረገጣል። በሰዓት ከ60 አላሳለፍኳትም። ከጅቡቲ መስመር የሚመጡት ባለ ተሳቢዎች መጀመሪያ ክላክስ እያደረጉ ያልፉናል፤ ጎን ሲደርሱ ነጠላ የለበሰች አሮጊት መሪ ይዛ ሲያዩ ፊታቸው ይለወጣል። አንዱ ዱከም ላይ ባርኔጣውን አንሥቶልኛል።

ደብረ ዘይት፣ ሞጆ፣ ቆቃ፣ በየሰዓቱ ቆምን። ባቆምን ቁጥር ግፊቱን እለካለሁ፣ እግሩን አሸዋለሁ፣ ጎኑን አገላብጠዋለሁ። ሞጆ የቆዳ ፋብሪካው ሽታ ሲደርሰን ባለቤቴ አፍንጫውን ሸፍኖ ሳቀ። ከሞጆ ወዲያ አየሩ ይሞቃል፣ ግራሩ ይጀምራል፣ ምድሩ ወደ ስምጥ ሸለቆው ወለል ይዘረጋል። ከቆቃ ከተማ አልፈን ጥቂት እንደሄድን ከኋላ አንድ ድምፅ ሰማሁ።

«አዋሽ።»

የልጅ ልጄ ያለው መስሎኝ ነበር። ድልድዩ ገና አልታየም። መካኒካችን ወደ ኋላ ዞሩ፣ እኔ መሪ ይዤ መዞር አልቻልኩም። ደቂቃ ሳይሞላ የአዋሽን ድልድይ ተሻገርን።

«አባባ፣ ከዚህ ቀጥሎስ?» አለው ልጁ።

ረጅም ዝምታ። ከዚያ፣ አንዱን ፊደል ከሌላው እየጎተተ፣ «ዓለም… ጤና።»

«ከዚያስ?»

«መቂ።»

ዳር ይዤ ቆምኩ። ማንም አላንኳኳም፤ እኔው ነኝ የቆምኩት።

ይህን ተአምር ብዬ እንዳልጽፍ ሙያዬ ይከለክለኛል። ስትሮክ ንግግር ሲነጥቅ ሁሉን እኩል አይነጥቅም። የልጁን ስም መጥራት ያቃተው ሰው አባታችን ሆይን እስከ መጨረሻው ሲደግም፣ ከአንድ እስከ ሃያ ሲቆጥር፣ የሳምንቱን ቀናት በተራ ሲጠራ አይቻለሁ። በተራ የተያዘና ሺህ ጊዜ የተደጋገመ ነገር ከሌላው ይልቅ ይቆያል። ለባለቤቴ ይህ መንገድ እንደዚያ ነው፤ በእግሩ ለክቶታል። ስምንት ዓመት ሙሉ ግን ከቤት ግድግዳ ላይ ሥዕል እያሳየን «ይህ ምንድን ነው? ጽዋ በል፣ ወንበር በል» ስንለው ኖረናል። ወንበር ምኑ ነው? መንገዱን ያሳየው አልነበረም እንጂ።

መቂ ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት ገዛን። ዝዋይ፣ ባለቤቴ ባቱ አይላትም፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ አጥማጆች ሲበልቱ አባ ኮዳዎቹ እንደ ሽማግሌ ጉባኤ ቆመው ይጠብቃሉ። የልጅ ልጄ እግሩን ውኃ ሊነክር ሲሮጥ ጠርቼ መለስኩት። ዝዋይ ላይ የብልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች አሉ፤ ልጆችን ይዛችሁ ስትሄዱ ዓሣውን ብሉ እንጂ ውኃው ውስጥ አትግቡ። ከዚያ አዳሚ ቱሉ፣ ቡልቡላ። ሁለቱንም ሳይጠየቅ ተናገረ፤ ልጁ ደብተሬ ላይ ጻፋቸው።

ላንጋኖ የደረስነው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው። ውኃው ቡናማ፣ ወተት የበዛበት ሻይ የመሰለ ነው፤ ቀለሙ ከሟሟ ደቃቅ አፈር እንጂ ከቆሻሻ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሥቶ እንደ ባሕር ያናውጠዋል። ጀርባዋን ለነፋሱ ሰጥተን ከግራር ሥር አቆምናት፤ ተንሸራታቹን በር ወደ ሐይቁ ከፈትነው። ባለቤቴ ከአልጋው ሳይነሣ፣ ራስጌው ከፍ ብሎ፣ ሐይቁን እያየ እንቅልፍ ወሰደው። እኔ በቀዝቃዛ ውኃ እግሬን ታጥቤ ከዱካው ላይ ተቀመጥኩ። መካኒካችን የሞተሩን ዘይት ለክተው «አልጠጣችም» አሉ። ከዚያ በላይ ምስጋና ከእሳቸው ሰምቼ አላውቅም።

ሌሊት ከአልጋው በላይ አጎበር ዘረጋሁ፤ ሸለቆው የወባ አገር ነው። እሱና እኔ ውስጥ፣ ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ አደርን። ንጋት ላይ ነቅቼ ሳይ ዓይኑን ገልጦ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አርሲ ተራሮች ያያል። «ቀዘቀዘህ?» አልኩት። «ተይው» አለኝ፤ የድሮው ቃሉ ነው፣ ድምፁ ግን ሌላ ነበር።

ስንመለስ ከሞጆ ወዲህ ያለውን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ፣ ከኋላችን የመኪና ሰልፍ አስከትለን ወጣነው። መስኮቱ በአንድ በኩል አቧራ ያስገባል፣ ፍሬኑም ወደ ቀኝ ይስባል። ቤት እንደገባን የልጅ ልጄ ደብተሩን ከፍቶ ቀጥሎ ወዴት እንደሆነ አያቱን ጠየቀው። ባለቤቴ ጣቱን አንሥቶ ሻሸመኔ፣ ከዚያም ወንዶ ገነት አለ። ልጁ በካርዱ ላይ እንዲህ ብሎ አሰፈረ፦ «ምልክት፦ ፍሬን ይስባል፣ መስኮት አቧራ ያስገባል። ሕክምና፦ ፍሬን ይታይ፣ ጎማው ይለወጥ። ቀጠሮ፦ ከፋሲካ በኋላ፣ ወንዶ ገነት።»